ቦሎ ያለው ስኩተር

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ያገለገለ ስኩተር ሊገዛ እንደሆነ ነግሮኝ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። የሚሠራው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን፣ የሌሊት ፈረቃ በደረሰው ቁጥር በዚያ ብርድ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መጠበቁ አስመርሮታል። እኔ መርካቶ ሶማሌ ተራ በአንድ የመለዋወጫ መደብር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሠራሁ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ሞተር የሚያውቅ ሰው ተብዬ ነው የምቆጠረው። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ዕቃውን ነው፤ መፍቻ ይዤ ሞተር ሥር የተኛሁበት ቀን ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ያገለገለ ሞተር የበዛበት የራሱ ምክንያት አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል፣ በየግቢው የቆሙ ብዙ ሞተሮች ወደ ዳር ከተሞች ሲሸጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያሉት ሞተሮች ሁለትና ሦስት እጅ ስለተላለፉ፣ የመጀመሪያው ባለቤት የት እንደገዛቸውና ማን እንዳስገባቸው የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ይህ ነገር ዋጋቸውን ሲያረክሰው፣ ወደ ኋላ እንደምገልጸው ታሪካቸውንም አብሮ ይቀብረዋል።

ደላላው ያሳየን ባለ 125 ሲሲ ስኩተር ዓይን የሚገባ ነበር። ነጭ ቀለሙ አልተነካም፤ ወንበሩ አልተቀደደም፤ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፎበታል፤ ሊብሬውም በሻጯ ስም ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሴት እጅ ነው፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ» አለኝ። የእህቴ ልጅ ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ክንዱን ያዝኩትና፣ የሻንሲ ቁጥሩን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለሦስት ቀን ቀጠሮ ጠየቅሁ። ደላላው ፊቱን አጠቆረ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው እንደሚወስደውም አስጠነቀቀን። ማንም አልወሰደውም።

ቁጥሩን የፈለግሁት ከሊብሬው ጋር ለማመሳከር ብቻ አልነበረም። አምራቾች ዕቃቸውን ከሸጡ በኋላ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በሠሯቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ለአደጋ የሚዳርግ የአሠራር ጉድለት መኖሩን ሲደርሱበት፣ ባለቤቶቹን ጠርተው ጉድለቱን ያለ ክፍያ የሚያስተካክሉበት አሠራር አለ። በውጭ አገር «ሪኮል» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የጥገና ጥሪ እለዋለሁ። በአሜሪካ አምራቾች ጉድለቱን ለባለቤቶች እንዲያሳውቁ ያስገደደው በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሲሆን፣ በነፃ የመጠገን ግዴታ የተጨመረው በ1974 ነው። በእኛ ገበያ ብዙ ሞተር የምትልከው ሕንድ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. የአምራቾቹ ማኅበር ባወጣው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ደንብ ጀምራ፣ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ አስገዳጅ አድርጋዋለች።

ጥሪው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የሆንዳ የሕንድ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. አክቲቫ 125፣ አቪዬተርና ግራዚያ የተባሉ ስኩተሮቹን የጠራው በፊት አሞርዛተራቸው ላይ የሚታሰረው ቡሎን ጥንካሬው ከሚፈለገው ልክ ውጪ ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ጥሪው የተመለከተው 56,194 ስኩተሮችን ሲሆን፣ ሁሉም የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 7 እስከ መጋቢት 16 ቀን 2018 ባለው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 30 እስከ መጋቢት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ ጊዜ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ በቀለምም በመልክም የማይለይ ስኩተር ጥሪው አይነካውም። በሌላ በኩል የያማሃ የሕንድ ኩባንያ በ2024 የጠራቸው ሬይ ዜድ አር እና ፋሺኖ የተባሉ 125 ሲሲ ስኩተሮች ወደ 300,000 ይጠጋሉ፤ ምክንያቱ የፍሬን መጨበጫቸው ሲሆን፣ የተሠሩበት ጊዜም ሁለት ዓመት የሚሸፍን ነው። ስለዚህ «የእገሌ ሥሪት ችግር አለበት» ወይም «የእገሌ ሥሪት ችግር የለበትም» የሚለው የሰፈር ወሬ ዋጋ የለውም። ጉድለት የሚከተለው ስም ሳይሆን ቀንና ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚያጋጥመን አንድ ወጥመድ አለ። የጥገና ጥሪ የሚወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሥሪት ዘመን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳያረጋግጥ የሚያመሳክር ሰው፣ ሰባትና ስምንት ዓመት ስቶ የራሱን ስኩተር ከጥሪው ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ደላሎች ደግሞ የፈረንጁን ዓመት በእኛ ዓመት አስመስለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ በአፋቸው ብቻ ስኩተሩ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ይታደሳል።

ቁጥሩ ራሱ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ነው። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ በሊብሬው ላይ ኦ ካያችሁ የጻፈው ሰው ዜሮን ፊደል አድርጎታል ማለት ነው፤ ይህ ስሕተት ኋላ ስም ሲዛወር ያስቸግራል። የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበትን አካባቢ ይጠቁማል፤ ጄ ጃፓንን፣ ኤል ቻይናን፣ ዜድ ብዙውን ጊዜ ጣሊያንን፣ ኤም ደግሞ ሕንድን ጨምሮ ጥቂት የእስያ አገሮችን ያመለክታል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ስኩተሮች ግን ከዚህ ያጠረ የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው፣ በሌሎች አገሮች መፈለጊያ ላይ ቢገቡ መልስ አይሰጡም። የአሜሪካው የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለማንም ሰው ክፍት የሆነ ነፃ መፈለጊያ ቢኖረውም፣ የሚያውቀው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስኩተሩ የተሠራበት አገር አምራች ነው፤ ቁጥሩን የሚያስገቡበት ቦታ በራሱ በአምራቹ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የእኛን ስኩተር ቁጥር ሳስገባ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ስኩተሩ ለጥገና ከተጠሩት አንዱ ነው፤ ጉድለቱም መካኒኮች «ማስተር» የሚሉት፣ በፊት ፍሬን መጨበጫ ሥር ያለው የፍሬን ዘይት መግፊያ ነው። የስኩተሩን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ብጠቅስ አንባቢ ያንን ስም ብቻ ሸሽቶ ሌላውን ሳይመረምር እንደሚገዛ ከልምዴ አውቃለሁ።

መልሱ ግን ግማሽ መልስ ነበር። ጥገናው ተደርጎ እንደሆነ አይናገርም። ያንን ሥሪት በአዲስ አበባ ወደሚያስመጣ ድርጅት ደውዬ ብጠይቅ፣ ቁጥሩ በእነሱ መዝገብ ላይ እንደሌለና በሌላ ሰው በኩል የገባ መሆን እንዳለበት ነገሩኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ነገሩ ሲታሰብ ጥሪው የሚሄደው በተመዘገበ አድራሻ ነው። አንድ ስኩተር ድንበር ተሻግሮ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ሁለት ሦስት ሰው እጅ ገብቶ ሱሉልታ ሲደርስ፣ ደብዳቤው የሚቀረው በመጀመሪያው ባለቤት ወይም በመጀመሪያው ነጋዴ ደጃፍ ነው። እኛ ዘንድ ቦሎ የሚያስለጥፈው ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን የዚያን ዕለት ፍሬኑ መያዙን፣ መብራቱ መብራቱን፣ ጎማው አለማለቁን ያያል እንጂ፣ አምራቹ ከዓመታት በኋላ በራሱ ዕቃ ላይ ያገኘውን ጉድለት አይፈልግም። ሻጯም ሆኑ መርማሪው ሳይዋሹ፣ ሊብሬውም ሳይጭበረበር ስኩተሩ ያልተጠገነ ሊሆን ይችላል።

ለምን በፍሬኑ ላይ እንዲህ እንደጠነከርኩ የሱሉልታን መንገድ የሚያውቅ ይረዳኛል። ከከተማው ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ማርሽ ያለው ሞተር ቁልቁለት ሲወርድ ማርሹ ተቀንሶ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ስኩተር ማርሽ የለውም፤ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው በቺንጋ ነው፤ ፍሪሲዮኑም የሞተሩ ዙር ሲወርድ ራሱን ስለሚለቅ በዝግታ ሲወርዱ ክብደቱ በሙሉ የሚወድቀው በፍሬኖቹ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል በውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና፣ መጨበጫው ስፖንጅ እንደመጨበጥ ያህል ልል ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዝዙት። በዚህ ላይ ማስተሩ ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

በሦስተኛው ቀን የምናውቀውን መካኒክ ይዘን ተመለስን። ለሻጯ ቀድመን ደውለን ሞተሩን እንዳያስነሡት ለምነናቸው ነበር፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር በብርድ የመነሣት ችግሩን ይደብቃል። መካኒኩ ገና እንደደረሰ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ የመሪውን ሽፋን ፈትቶ ማስተሩን አሳየኝ፤ እዚህ ላይ የሶማሌ ተራ ዕውቀቴ ጠቀመ። አምራቾች አንድን ዕቃ ሲያሻሽሉ የዕቃውን ቁጥር እንዳለ አይተዉትም፤ መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል ወይም አኃዝ ይለወጣል። በማስተሩ ላይ የተመታው ቁጥር በጥሪው ላይ የተጠቀሰው አሮጌው ቁጥር ነበር። መካኒኩ ለማረጋገጥ ስኩተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሞ፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ፣ ፍሬኑን ጨብጦ ሲለቅ ጎማው ወዲያው በነፃነት መዞር ሲገባው ለአፍታ ታንቆ ቆየ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረው፤ ያው ነው።

ሻጯ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ስኩተሩን ስትነዳ የኖረችው ልጃቸው ናት፤ አሁን ሥራ አግኝታ ባሕር ዳር ሄዳለች። ነገሩን ሳስረዳቸው በመጀመሪያ ዋጋ ልንቀንስ የፈጠርነው መስሏቸው ተቆጡ። የስልኬን ጽሑፍ አንብቤ ስተረጉምላቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነው ስትወጣ ስትወርድ የነበረችው?» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ምርመራ በፍጥነት ጨረስን፤ ዋናው ነገር ተገኝቶ ስለነበር ሌላው እንደ ትርፍ ሆነ። መካኒኩ የፊት ጎማውን እንዳነሣ መሪውን ቀስ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞረው መሃል ላይ የሚይዝ ነገር የለም፤ ቢይዝ ኖሮ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነበር። ወለሉ ሥር ገብቶ ሻንሲውን በባትሪ መብራት አየው፤ አዲስ ብየዳም ሆነ በቅርቡ የተቀባ ቀለም አላገኘም። የሻንሲው ቁጥር ያለበት ብረት በሞረድ እንዳልተነካ በጣቱ ዳሰሰ። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3219 የሚል ቢሆን በ2019 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የኋላው ጎማ ጥርሱ ጥሩ ቢሆንም ዕድሜው ስለገፋ መቀየር እንዳለበት ጻፍን። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እንዳልተቀየረ ቆጠርነው።

አንድ ነገር ግን ረዘም ያለ ክርክር አስነሣ። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ሲያወጣ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል፤ የእህቴ ልጅም ሞተሩ አልቋል ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደግሞ እዚህ ሲመጣ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ይበዛበታል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው፤ በካርቡራቶሩ ማስተካከያ ይስተካከላል። የሚያስፈራው ሰማያዊ ጭስና በዘይት የራሰ ካንዴላ ነው፤ ያ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል። ስኩተሩን አስነሥተን ከኋላው ቆመን ስናይ ሰማያዊ ጭስ አልነበረም። በዚህ ከፍታ ዳገት ላይ መለገሙም ብቻውን ሞተሩን አያስወቅሰውም፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ለመለዋወጫ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ደላላው ነገሩ እየጠፋበት መሆኑን ሲያይ ከጎረቤት ግቢ አንድ የኤሌክትሪክ ስኩተር አስመጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ገበያው ደርቷል። እኔ በመርሕ አልቃወምም፤ ቺንጋም ካንዴላም የለም፤ ቤንዚን ለመቅዳት መሰለፍም የለም። ነገር ግን የእነሱ የጥገና ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በባትሪው በኩል ነው። ሕንድ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ተከታታይ የእሳት አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ኦላ ኤሌክትሪክ 1,441፣ ኦኪናዋ የተባለው አምራች ደግሞ 3,215 ስኩተሮችን ለምርመራ ጠርተዋል። የቀረበልን ስኩተር በባትሪው ላይ የነበረው የመለያ ወረቀት ተልጧል፤ ባትሪ መሙያውም ከሌላ ዕቃ የመጣ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ቁጥሩን ማንበብ የማይቻል ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ መኝታ ክፍል አጠገብ ተሰክቶ እንዲያድር አልፈቅድምና አመስግነን መለስነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ ደላላው ያዘጋጀው ወረቀት «አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ነበር። ይህች ዐረፍተ ነገር በየሰፈሩ ውል ላይ ትገኛለች፤ ሰውም ሳያነባት ይፈርማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ሲያስገድድ፣ ገዢውም ዕቃውን በጊዜው እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቀዋል። እኛ ጉድለቱን ስላወቅነው ኋላ አላየሁም ማለት አንችልም ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀየርንና፣ የፊት ፍሬን ማስተሩ በአምራቹ የጥገና ጥሪ ውስጥ የሚካተት መሆኑ፣ አዲሱ ዕቃ እስኪገጠም ስኩተሩ በሻጯ ግቢ እንደሚቆይ፣ የዕቃውና የሥራው ዋጋም ከሽያጩ እንደሚቀነስ አጻፍን። ሻጯ ሳይከራከሩ ፈረሙ። የተከራከረው ኮሚሽኑ የዘገየበት ደላላው ብቻ ነው።

ዕቃውን ማግኘት አምስት ሳምንት ወሰደ። ሶማሌ ተራ ያሉ የቀድሞ ባልደረቦቼን ጠይቄ ሁለት ማስተር አገኘሁ፤ ሁለቱም «ኦሪጅናል» ናቸው፤ ሁለቱም ከተፈታ ስኩተር የወጡ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የተመታው ያው አሮጌው ቁጥር ነው። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ዕቃ በራሴ እጅ ጠቅልዬ እንደሸጥኩ ማሰብ ጀመርኩ። ከፋብሪካ የወጣ እውነተኛ ዕቃ መሆኑን እየማልኩ ነበር የምሸጠው፤ መሐላውም ውሸት አልነበረም። አምራቹ ያንኑ እውነተኛ ዕቃ መልሶ እንደጠራው የምጠይቅበት ልማድ ግን አልነበረኝም። በመጨረሻ አዲሱ ቁጥር ያለበትን ማስተር ከውጭ የሚመላለስ አንድ ዘመድ ይዞልን መጣ፤ መካኒኩም ከአዲስ የፍሬን ዘይትና ከአዲስ የፍሬን ሸራ ጋር ገጠመው። ጎማው ተነሥቶ ሲሞከር ፍሬኑ ሲለቀቅ ያለ ማነቅ ዞረ።

የእህቴ ልጅ ስኩተሩን በኅዳር መጨረሻ ተረከበ። የጥሪውን ጽሑፍ አትሜ፣ የተገጠመበትን ቀንና የአዲሱን ዕቃ ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፌበት ከሊብሬው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀመጥኩለት። አሮጌውን ማስተር መካኒኩ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሊሰጠን ሲል፣ «ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ ብንወስደው እኮ ጥቂት ብር ያወጣል» አለኝ የእህቴ ልጅ። መዶሻ ተቀበልኩና ዘይቱ የሚገባበትን አፍ ዳግመኛ ቱቦ እንዳይገጥም አድርጌ ቀጠቀጥኩት።